ልጄ የሠራችው ጥቁር ግንብ

በዚያ ትምህርት ቤት በኩል በትራም ሳልፍ ዛሬም ፊቴን አዞራለሁ። ልጄ ትልቅ ሰው ሆናለች፤ "ፓፓ፣ ተወው በቃ፤ እኔ እንኳ ረስቼዋለሁ" ትለኛለች። እኔ አልረሳሁትም። መርሳትም አልፈልግም።

ያኔ የምንኖረው ፍራንክፈርት፣ ጋሉስ የሚባል ሰፈር ነበር፤ አሮጌ የኪራይ ቤት፣ ሦስተኛ ፎቅ። እኔ ፍሉግሃፈን፣ አውሮፕላን ማረፊያው፣ ሻንጣ እጭናለሁ፣ ባለቤቴ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች። ሁለታችንም በፈረቃ ነው። አንዳንድ ቀን ፈረቃችን ይጋጭና ልጃችን ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቤት ውስጥ ሰው አይኖርም። በእነዚያ ቀናት የምትውለው ከእኛ በታች፣ አንደኛ ፎቅ በሚኖሩ ጃፓናዊት ሴትዮ ዘንድ ነበር። ሰባ ሊሞላቸው ነው። ጀርመናዊ ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ ልጅ አልወለዱም። ልጄ ጀርመኖች አያታቸውን እንደሚጠሩት "ኦማ" ትላቸዋለች፤ እኛም እሷን ተከትለን ኦማ አልናቸው።

ኦማ የተወለዱት ማትሱዌ በምትባል ከተማ ነው፤ ሺማኔ የሚባለው የምዕራብ ጃፓን ክፍለ ሀገር ውስጥ። ከተማዋ ሐይቅ ዳር ናት። መሐሏ ላይ፣ ከፍ ባለ የድንጋይ ካብ አናት፣ በጥቁር ሳንቃ የተለበጠ ግንብ አለ። ልጄ ሦስተኛ ክፍል ሳለች ኦማ ከአገራቸው ትልቅ ፖስታ አስመጡ። ውስጡ የታተመ ካርቶን ነው፤ እየቆረጡ፣ እያጠፉ፣ እየለጠፉ ያንኑ ግንብ በትንሹ የሚሠሩበት። ሁለቱ ከኅዳር ጀምረው እስከ መጋቢት ተቀመጡበት። ልጄ ጣቷን በመቀስ ያልቆረጠችበት ሳምንት አልነበረም። ሲያልቅ ቁመቱ ከጉልበቴ በላይ ሆነ፤ እያንዳንዷ መስኮት፣ እያንዳንዷ የጣሪያ ክዳን በቦታዋ።

እየሠሩ ኦማ ያወራሉ፤ ልጄ ደግሞ የሰማችውን ራት ላይ ታወራልናለች፣ ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በጀርመንኛ። ግንቡ በአንድ ዘመን ሊፈርስ ለጨረታ ቀርቦ ነበር አሉ፤ እንጨቱና ብረቱ ሊሸጥ ሲል የአገሬው ሰው ተሯሩጦ አዳነው። በዓልም አለ፣ በብዙ ዓመት አንዴ የሚመጣ። የግንቡ መቅደስ ውስጥ ያለው አምላካቸው በጀልባ ይወርዳል፣ ሌላ መቅደስ ዘንድ ይሰነብታል፣ እህሉ እንዲበረክት ይለመናል፣ ከዚያ ይመለሳል። መቶ የሚሆን ጀልባ ያጅበዋል። ቀዛፊው ይዘፍናል፤ ያጌጡ ወንዶች ጀልባዋ ጫፍ ላይ ቆመው ይጨፍራሉ። ኦማ በልጅነታቸው ከአባታቸው ጋር ውሃው ዳር ቆመው አይተውታል።

ልጄን ከሁሉ የያዛት ግን የልጅቷ ታሪክ ነው። ግንቡ ሲሠራ የድንጋዩ ካብ እየተናደ አስቸገረ ይባላል። ሰዎቹ በበዓል ቀን ከሚጨፍሩት ልጃገረዶች ጭፈራዋ ያማረውን መርጠው ያዙና ከነሕይወቷ ካቡ ውስጥ ቀበሯት። ካቡ ቆመ። ከዚያ ወዲህ ግን በከተማዋ ልጃገረዶች በጨፈሩ ቁጥር ግንቡ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ስለዚህ ጭፈራው ተከለከለ።

"ስሟን ማንም አያውቀውም፣ ፓፓ" አለችኝ። "ያሠራውን ሰውዬ ስም ሁሉም ያውቃል። የእሷን ማንም።"

ዘጠኝ ዓመቷ ነው ይህን ስትል። ሹካዋን አስቀምጣ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ።

አራተኛ ክፍል እንደገባች መምህሯ ስለ ግንቦች ማስተማር ጀመረች። እያንዳንዱ ልጅ አንድ ግንብ መርጦ፣ አጥንቶ፣ ክፍሉ ፊት ቆሞ እንዲናገር ተባለ። ሬፈራት ይሉታል። ነጥቡም ቀላል አይደለም፤ በአራተኛ ክፍል ውጤት ነው ልጁ ወደየትኛው ትምህርት ቤት እንደሚያልፍ የሚታየው። ልጄ ጥያቄው ሳያልቅ እጇን አውጥታ "ማትሱዌ" አለች። መምህሯም ጻፈች።

በማግስቱ ዝርዝሩ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። በሌሎቹ ልጆች ስም ትይዩ የራይን ወንዝ ግንቦች፣ የባቫሪያ ግንቦች፣ የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይ። በልጄ ስም ትይዩ "ኑሮ በአፍሪካ መንደር"።

ሃያ አራት ልጅ ግንብ ሲደርሰው ለእሷ ጎጆ ደረሳት። ጎጆ ነውር ሆኖ አይደለም፤ የእናቴ እናት ጎጆ ውስጥ ወልዳ ከብራ ኖራለች። ግን ማን ጠየቃት? ልጄ የአፍሪካ መንደር በቴሌቪዥን ካልሆነ አይታ አታውቅም። መምህሯ የቆዳዋን ቀለም አይታ ርዕስ ሰጠቻት፤ ነገሩ ይኸው ነው።

እውነቱን ልናገር ካልኩ ግን መጀመሪያ የተናደድኩት ለጃፓኑ ግንብ ተቆርቁሬ አልነበረም። እኔ ጎንደሬ ነኝ። ኳስ ስንጫወት ኳሳችን የሚገባው ነገሥታቱ ግቢ ውስጥ ነበር። "አፍሪካ መንደር" የሚለውን ስሰማ ዓይኔ ላይ የመጣው የራሴ ግንብ ነው።

"ነገ ሄጄ አነጋግራታለሁ" አልኳት ልጄን። "የጎንደርን ግንብ ታቀርቢያለሽ። አሳያታለሁ!"

"እኔ እኮ አይቼው አላውቅም" አለች በጀርመንኛ። አልሰማኋትም። ማለቴ ሰምቻታለሁ፤ አላዳመጥኳትም።

ከጠዋት ፈረቃ ወጥቼ፣ የሥራ ልብሴን እንደለበስኩ፣ አንድ የጎንደር ፖስትካርድ ኪሴ ውስጥ ይዤ ሄድኩ። መምህሯ በወንበር ጋበዘችኝ። ደግ ፊት አላት፤ የሚያናድደውም ይሄ ደግነቷ ነው። ክፉ ብትሆን ይሻለኝ ነበር።

"ልጅዎ ጎበዝ ናት" አለች። "እኛ የምንፈልገው ከሥሯ ጋር እንድትገናኝ ነው።"

"ሥሯ የት ነው?" አልኳት።

"አፍሪካ ነዋ።"

"የተወለደችው እዚህ ፍራንክፈርት ነው። ከዚህ በትራም ሃያ ደቂቃ።"

"አዎ፣ አዎ። ግን ምን ለማለት እንደፈለግኩ ይገባዎታል።"

ገብቶኛል። በደንብ ነው የገባኝ። ፖስትካርዱን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩ። መነጽሯን አድርጋ አየችው።

"እንዴት ያምራል! ይሄን ፖርቹጋሎች ናቸው አይደል የሠሩት?"

 ያሠራው ንጉሥ እነዚያኑ ፖርቹጋሎች ከአገር ያባረረ ንጉሥ መሆኑን ልነግራት ፈለግኩ። ጀርመንኛዬ ስናደድ ይሸሸኛል። ከአፌ የወጣው "ንጉሥ ፖርቹጋል ውጣ አለ፣ ከዚያ ቤት" የሚል ነገር ነው። ፈገግ አለች። በአማርኛ ቢሆን እኮ አንድ ሰዓት ሙሉ አፏን አስከፍታት ነበር!

በመጨረሻ "እሺ፣ የእናንተን አገር ግንብ ታቅርብ፤ እንዲያውም ጥሩ ሐሳብ ነው" አለችኝ። እጅዋን ጨብጬ ወጣሁ። ጦርነት ድል ያደረግኩ መስሎኝ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለልኩ ወረድኩ።

ቤት ደርሼ ለልጄ ነገርኳት። 

"አንተ የጠየቅከው ለራስህ ግንብ ነው። ለእኔ አይደለም።"

"በገዛ አገርሽ ታፍሪያለሽ?" አልኳት። እንዲህ አልኳት፣ ጮክ ብዬ፣ በዘጠኝ ዓመት ልጅ ላይ። ተነሥታ በሩን በኃይል ዘግታ ወጣች፤ ኦማ ዘንድ ወረደች።

ባለቤቴ ለሥራ ጫማዋን እያሰረች ነበር። ቀና ብላ አየችኝ። "መምህሯ 'ከአፍሪካ ነሽ' አለቻት፤ አንተ 'ከጎንደር ነሽ' አልካት። 'ምን ትፈልጊያለሽ?' ያላት ማነው?" አለችና ቦርሳዋን አንሥታ ሄደች።  ቁጣዬ መንገድ ላይ ቆሞ ማንን እንደሚከተል የጠፋበት ውሻ ሆነ።

ልጄን ልመልስ ወረድኩ። ኦማ በሩን ከፍተው "ግባ" አሉኝ። ልጄ ጀርባዋን ሰጥታኝ ግንቡ አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ግንቡን እስከዚያ ቀን በደንብ አይቼው አላውቅም ነበር፤ ሁሌ በችኮላ ነው የማልፈው። ጎንበስ አልኩ። ጣሪያው ጠርዝ ላይ አንዲት ጠብታ ደም ደርቃለች።

"ኦማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ" አልኳቸው። "የእርስዎን ግንብ ንቄ አይደለም።"

"እኔ አልተከፋሁም" አሉ። "እኔ ምን ሆንኩ? አራት ወር የለፋችው እሷ ናት።" ከዚያ ወንበር አሳዩኝ። "ግን ያንተን ግንብ ንገረኝ እስቲ። ውሃ አለው?"

ስለ ጥምቀተ ባሕሩ ነገርኳቸው። ታቦቱ በካህን ራስ ላይ፣ በጨርቅ ተሸፍኖ፣ ሕዝቡ እየዘመረና እየጨፈረ እንደሚያጅበው። ውሃው ዳር አድሮ በማግስቱ ወደ መንበሩ እንደሚመለስ። ኦማ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ሰሙ።

"ተሸፍኖ?" አሉ። "ማንም አያየውም?"

"ማንም።"

"የእኛም እንደዚያው ነው። ጀልባዋ ላይ ያለውን ማንም አያየውም። ሁላችንም ግን ጎንበስ እንላለን።"

ቄሳችን ይህን ቢሰማ ምን ይለኝ እንደነበር አውቃለሁ። አንድ ነው አላልኩም፣ አሁንም አልልም። ግን እዚያ ጋሉስ፣ ትራሙ መስኮቱን እያንቀጠቀጠው ሲያልፍ፣ ከእኚህ ሴትዮ ጋር የምንተዋወቅ ዓይነት ነገር ተሰማኝ። ልጄ ዞራ ነበር። "ፓፓ፣ ይሄን ለምን ነግረኸኝ አታውቅም?" አለች። "መጨረሻ ላይ አስገባዋለሁ። ግን የምፈልገው እኔ ስለሆንኩ ነው።"

"አንቺ ስለፈለግሽ" አልኳት።

ያን ማታ ኦማ በጥሩ ጀርመንኛ ለመምህሯ ደብዳቤ ጻፉ፤ እኔ ፈረምኩ። ልጃችን መጀመሪያ የመረጠችውን ግንብ ታቀርባለች፣ ከጎንደር ጋርም ታነጻጽረዋለች የሚል። መልስ አልመጣም። መልስ አለመምጣቱን እንደ እሺታ ቆጠርነው፤ ሞኝነታችን!

የሬፈራቱ ቀን ባለቤቴ ግንቡን በልብስ ቅርጫት አቅፋ ትምህርት ቤት አደረሰችው። የሆነውን የሰማሁት ከልጄ ነው። ስለ ከተማዋ ተናገረች። ስለ ጨረታው ተናገረች፤ ልጆቹ ጸጥ ብለው ሰሙ። ካቡ ውስጥ የተቀበረችው ልጅ ላይ ስትደርስ አንዱ ልጅ "እውነት ከነሕይወቷ?" ብሎ ጠየቀ። ይሄኔ መምህሯ ተነሣች።

"በቃ። የተስማማነው በዚህ ርዕስ አይደለም። ቦታሽ ተቀመጪ።"

"አልጨረስኩም፤ ኢትዮጵያም አለችበት" አለች ልጄ።

"ተቀመጪ አልኩ።"

ተቀመጠች። ጥምቀትን አልተናገረችውም። ጀልባዎቹንም። ሌላዋ ልጅ ስለ ራይን ወንዝ ግንብ ከአንድ መጽሐፍ ላይ የገለበጠችውን አነበበችና ተጨበጨበላት። የልጄ ውጤት አምስት ሆኖ መጣ፤ በጀርመን አቆጣጠር አምስት መውደቅ ነው። ከሥሩ በቀይ "ከርዕስ የወጣ" ይላል።

ወረቀቱን ይዤ ወጥ ቤት ቆምኩ። ከምን ርዕስ ነው የወጣችው? ርዕሱ ግንብ ነው፤ ያቀረበችው ግንብ ነው። የወጣችው እነሱ ካስቀመጧት ቦታ ነው። እኔስ በየቀኑ የማነሣው ሻንጣ ከቶክዮ ይሁን ከሪዮ ማን ጠይቆኝ ያውቃል? ለጉልበት ሲሆን ዓለም በሙሉ ይፈቀድልሃል። ለማወቅ ሲሆን ግን "የአገርህን ብቻ"!

ርዕሰ መምህሯ ዘንድ ቀጠሮ ያዝኩ። ኦማ "እኔም እመጣለሁ" አሉ። ጥቁር ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ዕንቁ መሰል የአንገት ጌጣቸውን አድርገው ወረዱ። ዋናው በር ስንገባ ኮሪደሩ ላይ የመስታወት ሣጥን ቆሟል፤ የልጆቹ የግንብ ሥራ የሚታይበት። ከእንጨት ዱላ፣ ከጫማ ካርቶን፣ ከመጸዳጃ ወረቀት ጥቅል የተሠሩ ግንቦች፣ እያንዳንዳቸው የልጁ ስም ተጽፎባቸው። መሐላቸው የልጄ ጥቁር ግንብ። ስም የለውም። ወረቀቱ የሚለው "ግንብ፣ ቻይና" ብቻ ነው።

ኦማ ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ የሣጥኑን በር ራሳቸው ከፈቱት፣ ወረቀቱን አነሡ፣ በሁለት እጃቸው ይዘው ርዕሰ መምህሯ ቢሮ ገቡና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

"እኔ የተወለድኩት ከዚህ ግንብ ሥር ነው" አሉ። "ቻይና አልተወለድኩም።"

ርዕሰ መምህሯ ደነገጠች። ስህተት ነው፣ ዛሬውኑ ይታረማል፣ የልጅቷም ስም ይጻፋል አለች። ስለ ውጤቱ ስጠይቃት ግን ወንበሯ ላይ ተደገፈች። "ውጤት የመምህሯ ሥልጣን ነው። እኔ ጣልቃ አልገባም።"

"ልጄን አፏን ዘጋቻት!" አልኩ። "የጠየቀችውን ርዕስ ቀምታ፣ ያቀረበችውን አቋርጣ፣ ከዚያ 'ወደቅሽ' አለቻት! ሥራዋን ግን ለጌጥ አስቀምጣችሁታል!"

"እባክዎ ድምፅዎን ዝቅ ያድርጉ።"

ይህችን ዓረፍተ ነገር በዚህ አገር ስንት ጊዜ ሰማኋት! የምትለው ነገር ትክክል ነው ወይስ አይደለም አይሉህም፤ ድምፅህን ነው የሚለኩት። አፌን ልዘጋ ነበር። ኦማ ቀደሙኝ።

"ዝቅ አያደርግም" አሉ፣ እሳቸው በሹክሹክታ የሚናገሩት ሴትዮ። "አባት ነው። እኔም እጮኻለሁ፣ ከፈለጉ።"

 ርዕሰ መምህሯ በመጨረሻ አንድ ነገር አቀረበች፦ ልጅቷ ሬፈራቱን ሌላ ክፍል ውስጥ፣ ሌላ መምህር ፊት ሙሉውን ታቅርብ፤ ውጤቱ ግን አይቀየርም። ለልጄ ነገርኳት። አሰበችና "አልፈልግም" አለች። "ካልተቆጠረ ለምን? ግንቤን ብቻ መልሱልኝ።"

ልትለማመጂበት ትችዪ ነበር፣ ቢያንስ ሰው ይሰማሽ ነበር፣ ልላት አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። በማግስቱ ሁለታችን ሄደን ግንቡን አወጣነው። አዲስ ወረቀት አድርገውበት ነበር፤ "ግንብ፣ ጃፓን" ከነስሟ። ወረቀቱን እዚያው ተወችው።

በግማሽ ዓመቱ ያቺ አምስት ሥራዋን ሠራች። "ጊምናዚዩም አይመከርም" የሚል ደብዳቤ መጣልን፤ ጊምናዚዩም ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚያደርሰው ትምህርት ቤት ነው። እኔና ባለቤቴ ምክሩን ትተን ጊምናዚዩም አስገባናት፤ ሕጉ ለወላጅ ይፈቅዳል። የሚያውቁን ኢትዮጵያውያን እንኳ "ልጅቷን አታስጨንቋት፣ እነሱ ያውቃሉ" አሉን። እነሱ ያውቃሉ! ጨርሳው ወጣች፣ በታሪክ ጥሩ ውጤት አምጥታ።

ልጄ ገና አራተኛ ክፍል ሳለች፣ በዚያው ዓመት ግንቦት፣ ኦማ በዓላቸው ደርሶ አገራቸው ሄዱ። ሲመለሱ ፎቶ አሳዩን፤ ከተማዋን የሚያቋርጠው ወንዝ በጀልባ ተሞልቶ፣ ሕዝቡ ሁለቱን ዳር ይዞ። ልጄ አንድ በአንድ እየጠየቀች እስኪመሽ ያዘቻቸው። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ከጎኗ ተቀምጬ እስከ መጨረሻው ሰማሁ።

ሰኔ ላይ ደግሞ የትምህርት ቤቱ በዓል ነበር። ወላጅ ሁሉ ምግብ ይዞ ይመጣል፤ ማን ምን እንደሚያመጣ የሚጻፍበት ዝርዝር ወደ ቤት ይላካል። የእኛ ስም አጠገብ መምህሯ ቀድማ በእጇ ጽፋለች፦ "ከአገራችሁ የሆነ ቅመም ያለው ነገር?" ፈገግ የሚል ፊትም ሥላበታለች። ወረቀቱን ልቀደው ነበር። ባለቤቴ ከእጄ ወስዳ በእስክሪብቶ ሰረዘችውና ከሥሩ "የድንች ሰላጣ" ብላ ጻፈች።

በዕለቱ ትልቅ ሳህን ሙሉ ይዛ ሄደች። መጦሪያው ውስጥ፣ እዚሁ እኛ የምንኖርበት ሄሰን ክፍለ ሀገር ተወልደው ያደጉ አንዲት አሮጊት ያስተማሯት ነው፤ በሾርባ፣ በሽንኩርትና በሰናፍጭ። መምህሯ ክዳኑን አንሥታ አየችና "ውይ፣ የእናንተን ምግብ ጠብቄ ነበር" አለች።

"የእኛ ነው" አለቻት ባለቤቴ፤ ጭልፋውንም አቀበለቻት።